የትልቅ መጽሐፍ ፋይሎች አደረጃጀት፦ ከጥሬ ጽሑፍ እስከ ማተሚያ ቤት

ትልቅ መጽሐፍ ሲቀናበር ከገጽ ማሳመሩ ይልቅ ፋይል ፍለጋው ብዙ ጊዜ ይበላል። «የመጨረሻ»፣ «የመጨረሻ የታረመ» እና «የመጨረሻ የታረመ 2» የሚባሉ ሦስት ፋይሎች ጎን ለጎን በተቀመጡበት ኮምፒውተር ላይ፣ አርታኢው የትኛውን እንዳረመ፣ ጸሐፊው በየትኛው እንደተስማማና ማተሚያ ቤቱ የትኛውን እንደተረከበ በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አይገኝም። መጽሐፉ 80 ገጽ ከሆነ ሦስቱንም አንብቦ መለየት ይቻል ይሆናል። 600 ገጽ ሲሆን ግን ማንም አያነበውም፤ ሁለት ጊዜ የታረመ ስሕተት ታትሞ ከወጣ በኋላ ይታያል።

ለዚህ መመሪያ በምሳሌነት የያዝኩት በርካታ ጸሐፊዎች የተሳተፉበትን የታሪክና የባህል ጥናት መጽሐፍ ነው። ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ የግዕዝ ጥቅሶች፣ የእንግሊዝኛ ዋቢዎች፣ ፎቶግራፎች፣ ካርታዎችና ሠንጠረዦች አሉበት። መሣሪያዬ ላቴክ ነው። ላቴክ ገጹን በመዳፊት እየጎተቱ የሚያቀናብሩበት ፕሮግራም አይደለም። ጽሑፉ በተራ የጽሑፍ ፋይል ይቀመጣል፤ «ይህ የምዕራፍ ርዕስ ነው»፣ «ይህ የግርጌ ማስታወሻ ነው» የሚሉ ትዕዛዞች ይገቡበታል፤ ፕሮግራሙም ፋይሎቹን አንብቦ ፒዲኤፍ ያወጣል። ከላቴክ ዝርያዎች መካከል ለአማርኛ የሚመቹት ዩኒኮድን፣ ማለትም ለየቋንቋው ፊደል ሁሉ የየራሱን ቁጥር የሚሰጠውን የኮምፒውተር መስፈርት፣ በቀጥታ የሚያነቡት ዚላቴክና ሉዋላቴክ ናቸው። ገጹን በመዳፊት በሚያቀናብረው ኢንዲዛይን የምትሠሩም አብዛኛው ምክር ይጠቅማችኋል፤ የሚለየውን በቦታው እናገራለሁ።

እርምጃዎቹ ሁሉ ከአንድ ደንብ ይመነጫሉ፦ ከውጭ የመጣ፣ በእጃችን የሠራነውና ማሽኑ ያመነጨው በአንድ ፎልደር ውስጥ አይቀላቀሉም።

1. ፎልደሮቹን ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ክፈቱ

አንድም ገጽ ሳይቀናበር፣ ባዶ ቢሆኑም፣ የሚከተሉትን ፎልደሮች አዘጋጁ፦

ጥሬ — ከጸሐፊዎች የመጣው ሁሉ እንዳለ
ጽሑፍ — የምዕራፎች፣ የመቅድምና የአባሪዎች ፋይሎች
ሥዕል — ፎቶግራፍ፣ ካርታ፣ ንድፍ
ቅርጽ — የገጹን መልክ የሚወስኑ ትዕዛዞችና ፎንቶች
ዋቢ — የዋቢ መጻሕፍት መረጃ
እርማት — ለአርታኢና ለጸሐፊ የተላኩና የተመለሱ ገጾች
ውጤት — ማሽኑ የሚያመነጨው ሁሉ
ማተሚያ — ለማተሚያ ቤት የተሰጠ፣ ከዚያ በኋላ የማይነካ

ከእነዚህ ውጭ በዋናው ፎልደር ላይ ሁለት ፋይሎች ብቻ ይቀመጡ፤ አንደኛው መጽሐፉን የሚያገጣጥመው ዋና ፋይል፣ ሁለተኛው «መጀመሪያ ይነበብ» የሚል አጭር ማስታወሻ። ማስታወሻው መጽሐፉ በየትኛው ፕሮግራምና በየትኛው ስሪት እንደሚሠራ፣ የትኞቹ ፎንቶች እንደሚያስፈልጉ፣ የቀን አቆጣጠሩ የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ከአንድ ገጽ አይብለጥ።

አደረጃጀቱ ትክክል መሆኑን ለመፈተን «ውጤት» የሚለውን ፎልደር ሙሉ በሙሉ አጥፉትና መጽሐፉን እንደገና አውጡ። አንድም ነገር ሳይጎድል ከወጣ መልካም ነው። ለማጥፋት እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ግን እዚያ ውስጥ መቀመጥ ያልነበረበት ነገር አለ ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ፈልጋችሁ ወደ ቦታው መልሱት።

የፋይል ስሞችን በተመለከተ አጭር ውሳኔ በቂ ነው። በላቲን ፊደል፣ ሁሉንም በትንሹ ፊደል፣ ክፍተት ሳይኖር፣ ቃላትን በሰረዝ እያያያዛችሁ ሰይሙ። ዊንዶውስ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል በስም ውስጥ አይለይም፤ ሊነክስ ይለያል። በእናንተ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሌላ ዘንድ «ፋይሉ የለም» ሊል ይችላል። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይልም በአንዳንድ መጭመቂያ ፕሮግራሞች ሲያልፍ ስሙ ይበላሻል። እዚህ ጽሑፍ ላይ ስሞቹን በግዕዝ ፊደል የማስቀምጠው ለንባብ እንዲመች ነው።

2. የመጣውን እንደመጣ አስቀምጡ

ጸሐፊዎች ሥራቸውን በኢሜይል፣ በቴሌግራም፣ በፍላሽ፣ አንዳንዴም በእጅ ጽሑፍ ይልካሉ። በምንም ይምጣ፣ የመጀመሪያው ሥራ በ«ጥሬ» ውስጥ በጸሐፊው ስም ፎልደር ከፍቶ ሳይከፍቱና ሳያርሙ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ የፋይሉን ባሕርይ «ለንባብ ብቻ» አድርጉት። ከሦስት ወር በኋላ «እኔ እንዲህ አልጻፍኩም» የሚል ጥያቄ ሲነሳ መልሱ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ይህ ለጸሐፊውም ለእናንተም ጥበቃ ነው።

ፎቶግራፍ በቴሌግራም ሲላክ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ መጠኑን ይቀንሰዋል፤ በስልክ መስኮት ላይ የሚያምረው ሥዕል በወረቀት ላይ ደብዛዛ ይሆናል። ስለዚህ ላኪው «እንደ ፋይል» የሚለውን መርጦ እንዲልክ አስቀድማችሁ ንገሩ። በኋላ ከመለመን አሁን መናገር ይሻላል፤ ብዙ ሰው ዋናውን ፎቶ ከላከ በኋላ ከስልኩ ላይ ያጠፋዋል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚሻው ከዩኒኮድ በፊት በነበረው አሠራር የተተየበ ጽሑፍ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎች ደግሞ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ ጽሑፍ ይተየብ የነበረው የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ባስቀመጡ ፎንቶች ነበር። እንዲህ ያለ ፋይል በዩኒኮድ ፎንት ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና የምልክት ክምር ይሆናል። ፋይሉ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያለበት ወደ «ጽሑፍ» ፎልደር ከመግባቱ በፊት ነው፤ ጥሬው በቦታው ይቆያል፣ የተለወጠው አዲስ ፋይል ሆኖ ይመጣል። ከተለወጠ በኋላ አንድ ሰው ዋናውንና የተለወጠውን ጎን ለጎን ይዞ ቢያንስ ጥቂት ገጾችን ያመሳክር። በተለይ እንደ «ኳ» እና «ሟ» ያሉትን ፊደላትና ሥርዓተ ነጥቦችን ተመልከቱ፤ መለወጫዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

3. ጽሑፉን በአንድ ደንብ አጽዱ

ከእርምጃዎቹ ሁሉ ሰዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ የምሟገትለት ይህ ነው። የተለያዩ ሰዎች የተየቡት አማርኛ በዓይን ሲታይ አንድ ይመስላል፤ ለማሽን ግን የተለያየ ነው።

በአራት ነጥብ እንጀምር። ዩኒኮድ ለአራት ነጥብ ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ሰጥቶታል። ብዙ ተየቢዎች ግን ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትተው አራት ነጥብ ያስመስላሉ። በመስኮቱ ላይ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። ገጹ ሲቀናበር ግን ፕሮግራሙ ሁለቱን ምልክቶች ለያይቶ አንዱን በመስመሩ መጨረሻ፣ ሌላውን በቀጣዩ መስመር መጀመሪያ ሊያስቀምጥ ይችላል። በፍለጋም ጊዜ የዓረፍተ ነገር መጨረሻ አይገኝም። ስለዚህ፦

በመጀመሪያ ጥንድ ሁለት ነጥቦችን በሙሉ፣ በመካከላቸው ክፍተት ያለባቸውንም ጭምር፣ በእውነተኛው አራት ነጥብ ተኩ። ቀጥሎ ከአራት ነጥብና ከነጠላ ሰረዝ በፊት የገባውን ክፍተት አስወግዱ። ከዚያ ሁለት ሁለት ጊዜ የተመቱ የ«ያንሳል» እና የ«ይበልጣል» ምልክቶችን በእውነተኛው ትምህርተ ጥቅስ ለውጡ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ። አራት ነጥቡ ሳይስተካከል ነጠላ ሁለት ነጥቦችን በክፍተት መተካት ከጀመራችሁ አራት ነጥቦቹ ሁሉ ይጠፋሉ።

ነጠላ ሁለት ነጥብን በጅምላ መተካት በራሱም አደገኛ ነው። በግዕዝ ጥቅስ ውስጥ ቃላትን የሚለየው እርሱ ስለሆነ እዚያ መቆየት አለበት። በሞክሼ ፊደላትም ነገሩ ያው ነው። ለአማርኛው ክፍል «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ «አ» እና «ዐ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በምን ደንብ እንደሚጻፉ መወሰን የአርታኢው ሥራ ነው፤ ሁሉንም ወደ አንድ ማምጣትም፣ ሥርወ ቃሉን መከተልም ይቻላል። የተወሰነውን በጅምላ ፍለጋ ስታስፈጽሙ ግን የግዕዝ ጥቅሶች መነካት የለባቸውም። በግዕዝ «ሠረቀ» ብሎ ፀሐይ መውጣቷን የተናገረ ጥቅስ በአንድ የመተኪያ ትዕዛዝ ስለ ሌባ የሚናገር ይሆናል።

ስለዚህ ከማንኛውም የጅምላ ለውጥ በፊት የግዕዝ ጥቅሶችን በልዩ ትዕዛዝ ክበቧቸው። ዚላቴክና ሉዋላቴክ የትዕዛዝ ስምን በግዕዝ ፊደል ስለሚቀበሉ «ግዕዝ» የሚባል ትዕዛዝ መፍጠር ትችላላችሁ፤ ጥቅሱ በትዕዛዙ ቅንፍ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የምትጠቀሙበት የመፈለጊያ መሣሪያ ቅንፉን እንዲዘል ማድረግ፣ ካልቻለም እያንዳንዱን ለውጥ እያያችሁ ማጽደቅ ይቻላል። በኋላ ለግዕዙ ሌላ ፎንት ወይም ሌላ መጠን ብትፈልጉም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትለውጣላችሁ።

የተወሰነው ሁሉ በ«ቅርጽ» ፎልደር ውስጥ «የአጻጻፍ ደንብ» በሚል ፋይል ይጻፍ። «ኢትዮጵያ» እንጂ «ኢትዮጲያ» አይደለም፤ «ዓመተ ምሕረት» በአሕጽሮት «ዓ.ም.» ተብሎ ይጻፋል፤ ቁጥሮች ከ10 በታች በፊደል ይሆናሉ ወይም አይሆኑም። የሰዎችና የቦታዎች ስም የጸደቀ አጻጻፍም በዚሁ ፋይል መጨረሻ ይዘርዘር። ዝርዝሩ በመጽሐፉ መጨረሻ የስሞችና የቦታዎች ጠቋሚ ሲዘጋጅ ዋጋው ይታያል። በዩኒኮድ ቅደም ተከተል «ሀ» እና «ሐ» ጎን ለጎን አይደሉም፤ በመካከላቸው የ«ለ» ቤት በሙሉ አለ። አንዱ ጸሐፊ «ሐይቅ እስጢፋኖስ»፣ ሌላው «ሀይቅ እስጢፋኖስ» ብለው ከጻፉ ገዳሙ በጠቋሚው ላይ ሁለት ቦታ ይወጣል፤ አንባቢውም ግማሹን ብቻ ያገኛል።

4. ለእያንዳንዱ ምዕራፍ አንድ መለያ ስም

ብዙዎች የምዕራፍ ፋይሎችን «ምዕራፍ 1»፣ «ምዕራፍ 2» እያሉ ይሰይማሉ። ይህ የምዕራፎቹ ቅደም ተከተል እስኪለወጥ ድረስ ይሠራል። አርታኢው ሦስተኛውን ወደ ሰባተኛ ሲያዛውር፣ አንድ ጸሐፊ ሲቀርና ሌላ ሲጨመር ስሙ ሐሰት ይሆናል። ስሙን ብትለውጡት እርሱን የሚጠሩ ሁሉ ይሰበራሉ፤ ባትለውጡት «ምዕራፍ 3» የሚባለው ፋይል በመጽሐፉ ምዕራፍ 7 ይሆናል።

የተሻለው የምዕራፉን ይዘት የሚናገር አንድ አጭር ቃል መምረጥ ነው። ስለ ቡና ንግድ የሚናገረው ምዕራፍ «ቡና» ይባል። በ«ጽሑፍ» ውስጥ ፋይሉ «ቡና» ነው፤ በ«ሥዕል» ውስጥ የፎቶዎቹ ፎልደር «ቡና» ነው፤ በውስጡ ያሉት ፎቶዎች «ቡና-ገበያ»፣ «ቡና-ካርታ» ይባላሉ፤ በጽሑፉ ውስጥ «ይህን ሥዕል ተመልከት» ለማለት የምትጠቀሙበት መለያ «ሥዕል-ቡና-ገበያ»፣ የሠንጠረዡ ደግሞ «ሠንጠረዥ-ቡና-ዋጋ» ይሆናል። ምዕራፉ የትም ቢሄድ መለያው አይለወጥም። ላቴክ የምዕራፉን፣ የሥዕሉንና የሠንጠረዡን ቁጥር ራሱ ስለሚሰጥ እናንተ ቁጥር በእጅ የምትጽፉበት ምክንያት የለም። «ከላይ በሥዕል 14 እንደታየው» የሚል በእጅ የተጻፈ ቁጥር ካገኛችሁ በመለያ ተኩት፤ 14 የነበረው ነገ 15 ይሆናል።

መለያው ሁለት ምዕራፎችን በአንድ ቃል እንዳይጠራ ሥራው ሲጀመር ዝርዝሩን አውጡና በ«መጀመሪያ ይነበብ» ውስጥ አስፍሩት።

ኢንዲዛይን ግን የምዕራፎችን ቅደም ተከተል ሰነዶቹን በሚያሰባስበው የመጽሐፍ ፋይል ውስጥ ስለሚይዝ፣ እዚያም የሰነዶቹን ስም ከቁጥር ነጻ ማድረግ ይቻላል። የአንቀጽ ቅርጾች ከአንድ ሰነድ ወደ ሌሎቹ እንዲተላለፉ መነሻ የሚሆነውን ሰነድ አስቀድማችሁ ምረጡ፤ በየሰነዱ ለየብቻ የተለወጠ ቅርጽ መጨረሻ ላይ ልብ ያቆስላል።

5. ዋናው ፋይል የሚያገጣጥም ብቻ ይሁን

ዋናው ፋይል ውስጥ የመጽሐፉ አንቀጽ አይጻፍ። ቅርጹን ይጠራል፣ ከዚያ መግቢያ ገጾቹን፣ ምዕራፎቹን፣ አባሪዎቹን በቅደም ተከተል ይጠራል፤ በቃ። አንድ ሰው ይህን ፋይል ከፍቶ በአንድ እይታ የመጽሐፉን አወቃቀር ማንበብ አለበት።

ላቴክ ፋይልን በፋይል ውስጥ የሚጠራባቸው ሁለት ትዕዛዞች «ኢንፑት» እና «ኢንክሉድ» ናቸው። «ኢንፑት» የተጠራውን ፋይል እዚያው ቦታ ላይ እንደተጻፈ ቆጥሮ ያነበዋል፤ አንዱ በሌላው ውስጥም ሊገባ ይችላል። «ኢንክሉድ» አዲስ ገጽ ይጀምራል፤ ለተጠራው ፋይል የገጽ ቁጥሮችና መለያዎች የሚመዘገቡበት ረዳት ፋይል ለብቻው ይከፍታል፤ በውስጡ ሌላ «ኢንክሉድ» አይቀበልም። ስለዚህ ለምዕራፍ «ኢንክሉድ»፣ ለሠንጠረዥና ለቅርጽ ትዕዛዞች «ኢንፑት» ተጠቀሙ።

«ኢንክሉድ» በትልቅ መጽሐፍ የሚመረጠው «ኢንክሉድኦንሊ» ከሚባለው ወንድሙ የተነሳ ነው። በዋናው ፋይል መግቢያ ላይ የምትሠሩበትን ምዕራፍ ብቻ በዚህ ትዕዛዝ ብትጽፉ ፕሮግራሙ ሌሎቹን ዘሎ ያን ምዕራፍ ብቻ ያወጣል። መጽሐፉ ቀደም ሲል አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ ከነበረ ደግሞ የገጽ ቁጥሩና ወደ ሌሎች ምዕራፎች የሚጠቁሙት ማጣቀሻዎች በቦታቸው ይቆያሉ። ለደቂቃዎች የሚጠበቀው በሰከንዶች ያልቃል። ነገር ግን በምዕራፉ ላይ ገጽ ከጨመራችሁ የሚከተሉት ምዕራፎች ቁጥር የሚስተካከለው ሁሉም እንደገና ሲወጣ ነው። ለአርታኢ ከመላካችሁ በፊት ትዕዛዙን አንስታችሁ መጽሐፉን ሙሉውን አውጡ፤ ማውጫውም ሆነ ማጣቀሻው እስኪረጋ ድረስ ደግማችሁ አስኪዱት።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያቆም እንቅፋት አለ። የሚመነጨው ሁሉ ወደ «ውጤት» እንዲሄድ ስታዙ፣ ምዕራፎቹ ደግሞ በ«ጽሑፍ» ውስጥ ካሉ፣ ፕሮግራሙ ረዳት ፋይሎቹን በ«ውጤት» ውስጥ ባለ «ጽሑፍ» በሚባል ፎልደር ሊጽፍ ይሞክራል። ያ ፎልደር ከሌለ «መጻፍ አልቻልኩም» ብሎ ይቆማል። መፍትሔው በ«ውጤት» ውስጥ ያንኑ ስም የያዘ ባዶ ፎልደር መክፈት ነው። «ውጤት»ን ስታጠፉም ይህን አትርሱ።

የመግቢያ ገጾችን አንድ ፋይል ውስጥ አታጭቁ። የርዕስ ገጹ፣ የመብት ገጹ፣ ምስጋናውና መቅድሙ ለየብቻ ይሁኑ። የመብት ገጹ በተለይ፤ ከወመዘክር (ከብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ) የሚሰጠው የአይኤስቢኤን፣ ማለትም የመጽሐፉ መለያ ቁጥር መጨረሻ ላይ ሊደርስ ስለሚችል ሌላውን ሳትነኩ ማስገባት መቻል አለባችሁ።

6. ቅርጽና ፎንት

የገጽ መጠን፣ ኅዳግ፣ የርዕስ መጠን፣ የግርጌ ማስታወሻ መልክ ሁሉ በ«ቅርጽ» ውስጥ ባለ አንድ ፋይል ይወሰን። በምዕራፍ ፋይል ውስጥ «ይህን አወፍር»፣ «እዚህ ላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ዝለል» የሚል ትዕዛዝ ካያችሁ ምክንያቱን ጠይቁ። ወፍሮ የተጻፈው ንዑስ ርዕስ ከሆነ የንዑስ ርዕስ ትዕዛዝ ይሰጠው፤ የመጽሐፍ ስም ከሆነ የመጽሐፍ ስም ትዕዛዝ ይሰጠው።

ፎንቱ ከፕሮጀክቱ ጋር አብሮ ይጓዝ። አቢሲኒካ ኤስ አይ ኤልና ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክ በነጻ ፈቃድ የሚሰራጩ ስለሆኑ የፎንት ፋይሎቻቸውን በ«ቅርጽ» ውስጥ አስቀምጦ ላቴክ ከዚያ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል። የማይክሮሶፍት ፎንት የሆነው ኒያላ እንዲህ በነጻ የሚዘዋወር አይደለም። ፎንቱ በኮምፒውተሩ ላይ ተጭኗል ብሎ መተማመን አይበቃም፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ የተለየ ስሪት ካለ የፊደሉ ስፋት በጥቂቱ ይለያያል፣ መስመር ይገፋል፣ አንድ ምዕራፍ በአንድ ገጽ ይረዝማል።

7. ሥዕሎች

በ«ሥዕል» ውስጥ ባለው በእያንዳንዱ የምዕራፍ ፎልደር ሁለት ክፍሎች ይኑሩ፤ «ዋና» እና «ለኅትመት»። ዋናው አይነካም። የተቆረጠው፣ የጠራው፣ መጠኑ የተስተካከለው ወደ ሁለተኛው ይገባል፤ መጽሐፉ የሚጠራውም ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ለፎቶግራፍ የተለመደው መለኪያ በታተመበት መጠን በኢንች 300 ነጥብ ነው። በገጹ ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት እንዲኖረው የምትፈልጉት ፎቶ ወደ 1,420 ፒክስል ገደማ ስፋት ያስፈልገዋል። 600 ፒክስል ብቻ ከሆነ ወይ አሳንሳችሁ አትሙት ወይ የተሻለውን ጠይቁ፤ በፕሮግራም ማስፋት የሌለውን ዝርዝር አያመጣም። ካርታና ንድፍ ግን በተቻለ መጠን በመስመር የተሠራ ፒዲኤፍ ይሁን፤ ያኔ ቢሰፋም ጠርዙ አይሸረፍም፤ የቦታ ስም ስሕተት ሲገኝም ማረም ይቻላል።

የፎቶ አንሺው ስም፣ የፈቃዱ ሁኔታና የቦታው መግለጫ በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝገብ። ፈቃድ ያልተገኘለት ሥዕል የሚታወቀው በዚህ ነው።

8. እርማት በአንድ እጅ ይግባ

የፋይል አደረጃጀት በሰው ግንኙነት ላይ የሚፈተነው እዚህ ነው። ጽሑፉ ወደ ገጽ ቅንብር ከገባ በኋላ ጸሐፊው በዎርድ ፋይሉ ላይ ማረሙን ይቀጥልና «አዲሱን ልኬያለሁ፣ በዚህ ተኩት» ይላል። እናንተ ደግሞ የፊደል ግድፈቱን፣ ነጥቡን፣ ማጣቀሻውን አስተካክላችሁ ጨርሳችኋል። ብትተኩት የሠራችሁት ይጠፋል፤ ባትተኩት የእርሱ እርማት ይጠፋል። አንድ ጽሑፍ ሁለት ቤት እንዳይኖረው ከመጀመሪያው በትሕትናና በግልጽ መነገር አለበት። ለታላላቅ ሰዎች እንዲህ ማለት ሊከብድ ስለሚችል የመልእክቱን ቃል እዚህ አስቀምጣለሁ፦

«ክቡር መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? ጽሑፍዎ ከዛሬ ጀምሮ ወደ ገጽ ቅንብር ገብቷል። ከእንግዲህ በዎርድ ፋይሉ ላይ የሚደረግ ለውጥ ወደ መጽሐፉ ስለማይደርስ፣ እርማትዎን በላክንልዎ ፒዲኤፍ ወይም ታትሞ በደረስዎ ወረቀት ላይ እንዲያመለክቱልን በአክብሮት እንጠይቃለን። ሰፊ አንቀጽ መጨመር ቢፈልጉ ጭማሪውን ብቻ ለብቻው ይላኩልን፤ በቦታው እናስገባለን።»

የእርማት ገጾች በዙር ይቆጠሩ፤ «እርማት-1»፣ «እርማት-2»። ቀን በፋይል ስም ላይ መጻፍ በእኛ አገር ግራ ያጋባል። 2017 የኢትዮጵያ ወይስ የአውሮፓ? ውጭ አገር ያለው ጸሐፊና አዲስ አበባ ያለው አርታኢ የተለያየ ይረዳሉ፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ የራሱን ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ይመዘግባል። የዙር ቁጥር ይህን ሁሉ ያስቀራል። የዙሩ ቁጥር በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ በትንሽ ፊደል እንዲታተም አድርጉ፤ ከኅትመቱ በፊት ይነሳል። አንድ ወረቀት ተነጥሎ ቢገኝ እንኳን የየትኛው ዙር እንደሆነ ይታወቃል።

የደረሰው እርማት ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ይመዝገብ፦ ምዕራፍ፣ ከጽሑፉ የተወሰዱ ሦስት አራት ቃላት፣ የተጠየቀው ለውጥ፣ ጠያቂው፣ ተፈጸመ ወይም አልተፈጸመም። የገጽ ቁጥር ብቻ አትመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ዙር ገጹ ይሸሻል፣ ቃላቱ ግን በፍለጋ ይገኛሉ። ሠንጠረዡን አይቶ በምዕራፍ ፋይሎች ላይ የሚጽፈው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። ሥራው ከበዛ ምዕራፎቹን ተከፋፈሉ እንጂ ሁለት ሰው አንድ ምዕራፍ አይክፈት።

9. ታሪኩንና ቅጂውን ጠብቁ

የጽሑፍ ፋይሎች ተራ ጽሑፍ ስለሆኑ ጊት በሚባለው ፕሮግራም ታሪካቸውን መመዝገብ ይቻላል። ጊት ማን፣ መቼ፣ የትኛውን መስመር እንደለወጠ ይይዛል። ለዚህ እንዲመች በምዕራፍ ፋይሎች ውስጥ ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ አዲስ መስመር ጀምሩ። ላቴክ አንድን የመስመር መቆረጥ (ባዶ መስመር እስካልገባ ድረስ) እንደ ተራ ክፍተት ስለሚቆጥረው ገጹ ላይ ምንም አይለወጥም። አንቀጹ ሁሉ በአንድ መስመር ከተጻፈ ግን አንድ ፊደል ሲታረም ጊት «አንቀጹ በሙሉ ተለወጠ» ይላል፤ ዓረፍተ ነገሩ ለብቻው ሲሆን የተነካውን ዓረፍተ ነገር በትክክል ያሳያችኋል። አርታኢው «ከባለፈው ዙር ወዲህ ምን ተለወጠ?» ብሎ ሲጠይቅ ዝርዝሩን ማውጣት ቀላል ነው። «ውጤት»ንና ከባድ ፎቶዎችን በጊት ውስጥ አታስገቡ።

መብራት ሥራ መካከል ሲጠፋ ክፍት የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ የምትሠሩበት፣ ሁለተኛው በውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በሌላ ሕንፃ ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ። ፍላሽ ለመሸጋገሪያ እንጂ ለማከማቻ አይሁን፤ ይጠፋል፣ ቫይረስም ያመላልሳል። በወር አንድ ቀን ከመጠባበቂያው ቅጂ ላይ ተነስታችሁ በሌላ ኮምፒውተር መጽሐፉን አውጡት። ካልወጣ የጎደለውን አሁን ታገኙታላችሁ።

10. ለማተሚያ ቤት ስታስረክቡ

ከማተሚያ ቤቱ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። የውስጥ ገጾቹ በ16 ወይም በ8 የሚካፈሉ እንዲሆኑ ይፈልጉ እንደሆነ፣ ከገጹ ጠርዝ ለሚቆረጥ ሥዕል ምን ያህል ትርፍ እንደሚሹ (ብዙ ጊዜ 3 ሚሊ ሜትር ነው)፣ ቀለሙ ለኅትመት በአራት ቀለም ተለይቶ መምጣት እንዳለበት ጠይቁ። የሽፋኑ ፋይል ለብቻው ይሁን፤ የጀርባው ውፍረት የሚታወቀው የገጽ ብዛቱና የወረቀቱ ዓይነት ከተወሰነ በኋላ ነውና።

የሚረከበው ፒዲኤፍ ሲወጣ ፎንቶቹ በሙሉ በውስጡ መካተታቸውን በፒዲኤፍ አንባቢው የሰነድ መረጃ ላይ አረጋግጡ። ከዚያ በ«ማተሚያ» ውስጥ «እትም-1» የሚል ፎልደር ክፈቱና ፒዲኤፉን፣ ሽፋኑን፣ የዚያን ዕለት የነበሩትን የጽሑፍ፣ የቅርጽና የሥዕል ፋይሎች በሙሉ ገልብጣችሁ ዝጉት። በጊትም ያንኑ ነጥብ በስም ምልክት አድርጉበት። በኢንዲዛይን የምትሠሩ «ፓኬጅ» በሚለው ትዕዛዝ ሰነዱን፣ የተያያዙትን ሥዕሎችና ፈቃዳቸው የሚፈቅድላቸውን ፎንቶች በአንድ ፎልደር ትሰበስባላችሁ።

ከታተመ በኋላ አንባቢዎች የሚያገኟቸው ስሕተቶች በ«ማተሚያ» ውስጥ አይታረሙም። በ«እርማት» ውስጥ «እትም-2» የሚል አዲስ ሠንጠረዥ ክፈቱና እዚያ መዝግቡ፤ ለውጡ በ«ጽሑፍ» ላይ ይገባል፣ «እትም-1» ግን በተሸጠበት መልኩ እንደተዘጋ ይቆያል።